ብርቱካን ብርቱካን የሚሸት ቆሻሻ

እናቱ ወደ ሥራ ቦታዬ መጥተው ሊያዩኝ እንደሆነ የነገረኝ ዓይኔን ሳያይ ነበር። ያኔ ዓይናፋርነት መሰለኝ። ፍቅር የያዘው ሰው ሁሉንም ነገር በደግ ይተረጉማል፤ እኔም ስተረጉም ከርሜያለሁ።

«ሰኞ ጠዋት ትመጣለች» አለኝ፣ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ። «አንቺን ብቻ ሳይሆን ፋብሪካውንም ማየት ፈልጋለች።»

«ይምጡ። ምን ችግር አለው?»

«ችግርማ የለውም። ብቻ...» አየሩን ሳብ አድርጎ አሸተተ። «እማዬን ታውቂያታለሽ፤ ሽታ አይስማማትም።»

«አላውቃቸውም» አልኩት። እውነቴን ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ስንዋደድ እቤታቸው በር ደርሼ አላውቅም።

ፋብሪካችን የከተማውን የአትክልት ገበያና የምግብ ቤቶች ትራፊ ይቀበላል። የፈረጠ ቲማቲም፣ የጠወለገ ጎመን፣ የሙዝ ልጣጭ፣ ሳህን ላይ የቀረ ሩዝ በጭነት መኪና ይገባል። ሴቶች ይለዩታል፤ ይፈጫል፤ ከዚያ ጉድጓድ ውስጥ በውሃ ተበጥብጦ ማብላያ ወደምንለው ትልቅ የተዘጋ ጋን ይሄዳል። እዚያ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ይበሉታል። የሚወጣው ጋዝ በቧንቧ ሄዶ የጎረቤታችንን ዳቦ ቤት ምድጃ ያነዳል፤ የሚተርፈው ፈሳሽ ለአትክልተኞች ማዳበሪያ ይሆናል። የብርቱካንና የሎሚ ልጣጭ ግን ለብቻው ተለይቶ ይጨመቅና ዘይቱን ሳሙና ሠሪዎች ይወስዱታል። ለብቻው የሚሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ለሰው አፍንጫ ደስ የሚለው ያ ዘይት ለተሕዋስያኑ መርዝ ነው።

የማብላያው ባለሙያ እኔ ነኝ። ሙቀቱን እለካለሁ፣ ናሙና እወስዳለሁ፣ መኮምጠጥ አለመኮምጠጡን አያለሁ። በዚህ የተነሣ ለቃሚዎቹ ሴቶች «ዶክተር» ብለውኛል። አለቃቸው፣ ሁላችንም «ጄኔራል» የምንላት ሴት፣ ጠዋት ጠዋት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትጠብቀኛለች።

«ዶክተር፣ በሽተኛሽ እንዴት አደረ?»

«ሲያገሳ አደረ» እላታለሁ፤ ስትስቅ አዳራሹ በሙሉ ይነቃል።

እሱ ደግሞ የባለቤቱ ልጅ ነው፣ የሽያጭ ኃላፊ። ሠራተኛው «ሽቶ» ይለዋል፤ ከእሱ ቀድሞ ሽቶው ይደርሳላ። ስሙን ሰምቶታል፤ ሙገሳ ይመስለዋል። እኔ ግን ሽቶ ብዬው አላውቅም ነበር። ሰው ፊት መናገር ያቅተኛል፤ ዐረፍተ ነገሬን ሳልጨርስ ሌላው ይነጥቀኝና ይጨርስልኛል። እሱ ግን መጀመሪያ የተገናኘን ቀን፣ ስለ ጋዙ ሲጠይቀኝ፣ ቃል ፍለጋ ጣሪያ ጣሪያ ሳይ ዝም ብሎ ጠበቀኝ። በዚያች ዝምታ ወደድኩት። ሌሎች ሴቶች በአበባ ይሸነፋሉ አሉ።

ሰኞ እናቱ ነጭ ጫማ አድርገው መጡ። ቆሻሻ ወደሚራገፍበት ግቢ ነጭ ጫማ አድርጎ የሚመጣ ሰው ሳያስብ የመጣ እንዳይመስላችሁ። ከፊቱ ቀድሞ እርጥቡንና ደረቁን የሚያሳየው አንድ ሰው እንደማያጣ እርግጠኛ የሆነ ሰው ነው። ልጃቸው ከፊት ከፊት እየሄደ «እዚህ ጋ እማዬ፣ እዚህ ጋ ርገጪ» ይላል። እሳቸው መሐረባቸውን በእጃቸው ጨብጠዋል፣ ለአፍንጫቸው የተዘጋጀ። የመበጥበጫው ጉድጓድ አጠገብ ሲደርሱ ግን መሐረቡ ከመንገድ ቀረ።

«ውይ! ብርቱካን ብርቱካን ይሸታል እኮ! ቆሻሻ ነው ያላችሁኝ?»

እኔም አሸተትኩ። እውነትም ብርቱካን ነው። የልጣጭ መጭመቂያው ክፍል ከጎን ስለሆነ በሩ ተከፍቶ ይሆናል ብዬ ተውኩት። ቀና ስል እሱን አየሁት፤ ፈተና እንዳለፈ ተማሪ ፊቱ በርቷል። ለእኔ የደስ ደስ ያለው መስሎኝ የኔም ፊት በራ።

እናቱ ከእግሬ ጀምረው ወደ ላይ አዩኝ።

«አንቺ ነሽ እንግዲህ። ልጄ ሲያወራልኝ ሐኪም ምናምን መስለሽኝ ነበር።»

«የማብላያ ባለሙያ ነኝ።»

«ይሁን። ሰው ሁሉ የሆነ ነገር ነው።» እጄን አዩ። «ጓንት ግን ታደርጊያለሽ አይደል?»

«አደርጋለሁ።»

«ጎሽ። ቀለበት የሚገባበት እጅ ያስታውቃል።»

ልጃቸው ሳቀ። ጄኔራል ከመለያው ጠረጴዛ ማዶ፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ «ዶክተር፣ ለእንግዳችንም ጓንት ላምጣ እንዴ?» አለች። ሴቶቹ አቀርቅረው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። እናቱ አልሰሙም፤ ወይም ጄኔራል ለጆሯቸው የምትበቃ አልመሰለቻቸውም።

ሲሸኛቸው ቆይቶ እየሮጠ ተመለሰ። «ወደደችሽ!»

«አልጠሉኝም ማለትህ ነው።»

«ለእማዬ ያው ነው።»

የናቁኝን ሴት ሳላስቀይም በመዋሌ ያን ቀን ስፈነድቅ ዋልኩ። ደስታ እንዲህ ያለ ርካሽ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር።

ማብላያው የታመመው በዚያው ሳምንት ነው። መጀመሪያ የመጣው የዳቦ ቤቱ ጋጋሪ ነበር፣ ዱቄት እንደለበሰ።

«እሳቱን ምን ነካብኝ? ዳቦዬ ወባ እንደያዘው ሰው ገርጥቶ ይወጣል!»

ጋዙ በየቀኑ እየሳሳ ሄደ፤ ፈሳሹ ኮመጠጠ። ናሙና ቀድቼ በብልቃጥ ሳስቀምጠው ላዩ ላይ ስስ ዘይት ተንሳፈፈ። አሸተትኩት። ብርቱካን ነው።

ዓርብ ባለቤቱ ቢሮ ተሰበሰብን። ግድግዳው ላይ ባለቤቱ ከትልልቅ ሰዎች ጋር እጅ ሲጨባበጡ የተነሡት ፎቶግራፍ ተደርድሯል፤ የፋብሪካው ፎቶ አንድም የለም።

«ምንድን ነው የገደለው?» አሉኝ።

«ገና አልሞተም። የብርቱካን ልጣጭ ገብቶበታል።» የሰኞው ሽታ ትዝ ብሎኝ እሱን አየሁት፤ ከዚህ በላይ አልተናገርኩም። ከዚህ በላይም አላስፈለጋቸውም።

«ልጣጭ የሚለየው ማነው?»

ጄኔራል ተነሣች። «እኛ ነን ጌታዬ። ግን በእኔ እጅ ብርቱካን ወደዚያ አልሄደም።»

«ታዲያ በእግሩ ሄደ?»

ሰው ሳቀ። የቢሮ ሳቅ ነው፤ ባለቤቱ ሲጀምሩ የሚጀምር፣ ሲያቆሙ የሚያቆም። ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«አንተስ ምን ትላለህ?»

እሱ የሸሚዙን እጅጌ አስተካከለ። «ጥንቃቄ ጎድሏል» አለ። «ሴቶቹ ወሬ ላይ ናቸው የሚውሉት።»

«በቃ፣ ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ» አሏት።

ጄኔራል አላለቀሰችም። ወደ እኔ ብቻ ዞረች። «ዶክተር፣ አንቺ ስንት ዘመን ከጎኔ ቆመሽ አይተሻል። ልጣጭ አምልጦኝ ያውቃል?»

«አያውቅም» አልኩ። ቃሉ ግን ከጥርሴ አላለፈም። ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ያየ ካለ የምጸልይ መስሎት ይሆናል። እሷ ጠብቃኝ ጠብቃኝ ወጣች። ያን ቀንም ሆነ በማግስቱ አዳራሹ ውስጥ ማንም «ዶክተር» ብሎ አልጠራኝም።

በዚያው ከሰዓት በኋላ የእሱ ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ አገኘሁ። ደብዳቤ መጻፍ ይወዳል። «የሕይወቴ ጮራ ሆይ» ብሎ ይጀምራል፤ «ልቤ በፍቅርሽ ምድጃ ላይ ይንተከተካል» ይላል፤ ወረድ ብሎ እሁድ ምሳ እቤታቸው እንደተጠራሁ፣ እናቱ እንደፈቀዱ፣ ነገራችንም በዚያ ምሳ እንደሚቆረጥ ይናገራል። ምድጃው የጠፋበት ጋጋሪ ቢያነበው ምን ይል ይሆን? እኔ ግን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት፤ ደግሜ አወጣሁት፤ ደግሜ አነበብኩት።

ቅዳሜ ወደ ልጣጭ መጭመቂያው ክፍል ሄድኩ። ጄኔራልን ላድን ብዬ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱ ግን እንቅልፍ ስላጣሁ ነው። ጨማቂው ጋሼ፣ ጆሯቸው ላይ እርሳስ የሰኩ ሽማግሌ፣ ማሽናቸውን ሲወለውሉ አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ሰሞኑን ከልጣጩ የጎደለ አለ?»

ገረማቸው። «የጎደለ? እንዴ፣ አንቺ አይደለሽ ያስወሰድሽው?»

«እኔ?»

«ያኔ ነዋ፣ እንግዳዋ ከመምጣታቸው በፊት። ሽቶ መጥቶ ‹ዶክተሯ ለሙከራ ፈልጋዋለች፤ በመፍጫው አሳልፈህ ጉድጓዱ ውስጥ ጨምረው› አለኝ። ለዚያ ሁሉ ልጣጭ ምን ዓይነት ሙከራ ነው ብዬ ነበር፤ ያንቺ ትእዛዝ ነው ሲለኝ ጊዜ ጨመርኩት። እንግዳዋ ሲሄዱማ መጥቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ‹ጥሩ ሸተተ› ብሎ።»

«ጄኔራል ስትባረር ለምን አልተናገሩም?»

«እኔን ማን ስብሰባ ጠርቶኝ ያውቃል?» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ደግሞ የሠራሽው አንቺ መስለሽኝ፣ ላንቺ ፈርቼ ዝም አልኩ የኔ ልጅ» አሉ።

እርሳሳቸው ጆሯቸው ላይ እያለ እሱን ፍለጋ ኪሳቸውን ሲዳብሱ ትቻቸው ወጣሁ። ለካ ሰው ሁሉ የሚወደውን ለማዳን ዝም ብሎ ነበር፣ ከአንድ ሰው በቀር፤ እሱ ዝም ያለው ለራሱ ነው።

መኪናው ውስጥ ነበር ያገኘሁት፣ መስኮቱን ዘግቶ ሙዚቃ ከፍቶ። ገብቼ ሙዚቃውን አጠፋሁት። ከዚያ በፊት የእሱን ነገር ነክቼ አላውቅም።

«ልጣጩን አንተ ነህ ያስጨመርከው። በእኔ ስም።»

ፊቱ ላይ ብዙ ነገር አለፈ፤ ከሁሉም መርጦ ፈገግታውን አስቀረው። «ማን ነገረሽ?»

«ይኸው ነው የምትመልሰው?»

«እሺ፣ ስሚኝ። ለአንቺ ብዬ ነው! እማዬ ከበር ብትመለስስ? ‹የምትሸት ልጅ አመጣህብኝ› ብትለኝስ? መርዝ መሆኑን እኔ በምን ላውቅ? አንድ ቀን ጥሩ ቢሸት ምን አለበት ብዬ ነው። ፍቅራችንን ላድን ነው!»

«መርዝ መሆኑን የነገርኩህ እኔ ነኝ። መጀመሪያ የተገናኘን ቀን። እስክጨርስ የጠበቅከኝ ቀን።»

ዝም አለ። ያኔም ዝም ያለው እየሰማኝ እንዳልነበረ በዚያች ቅጽበት ገባኝ። የወደድኩት ዝምታ ባዶ ቤት ነበር።

«ጄኔራልስ?» አልኩት።

«ለእሷ ሌላ ሥራ እፈልግላታለሁ።»

«የት?»

«የሆነ ቦታ።»

ለእነዚህ ሰዎች ሰው ሁሉ የሆነ ነገር ነው፤ የሆነ ቦታ ይገባል። «ዛሬውኑ ለአባትህ ንገራቸው።»

«ከምሳው በኋላ። በእናቴ እምላለሁ። አባቴ ፋብሪካውን ሊያስረክበኝ ነው እኮ! ፋብሪካው የኔ ሆነ ማለት ያንቺም ሆነ ማለት ነው። የአንዲት ለቃሚ ሴት ነገር...»

«ታፍርብኛለህ?»

«በጭራሽ!»

«ሥራ ውዬ ስመጣ የምሸተውስ?»

ዓይኑ ሳያስበው ወደ መኪናው መስኮት ሄደ። ተቆጣጥሮ መለሰው፤ እኔ ግን አይቼዋለሁ። በሩን ከፍቼ ወረድኩ። በሆዴ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «ሽቶ» አልኩት። ንዴት ቢሆን ይበርድልኝ ነበር። ይሄ ግን ቀዝቃዛ ነገር ነው፤ ሆዴ ውስጥ ተደላድሎ ተቀመጠ።

ምሳው ላይ ሄድኩ። እሱ እሺ ያልኩት መስሎት ደስ ብሎት ነበር። እኔ ግን አንድ ነገር ብቻ ልጠብቅ ነው የሄድኩት፤ አፉን ከፍቶ እስኪናገር። ቢናገር ሁሉንም ልረሳለት ራሴን አዘጋጅቼ ነበር። አስቡት፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ!

እናቱ ከክፍት መስኮት አጠገብ አስቀመጡኝ። «እዚህ አየር አለ» አሉ። ለማን እንደሚያስፈልገው አልተናገሩም። ሳህኖቹ ጠርዛቸው ወርቅማ ነው፤ ምግቡ ትንሽ፣ ሳህኑ ትልቅ።

«ያ ፋብሪካ እንዲህ ይሸታል ብዬ አላሰብኩም ነበር» አሉ እናቱ። «ለጓደኞቼ ስነግራቸው ማን ይመነኝ!»

«አሁን ሞቶልሻል» አሉ አባቱ እያኘኩ። «አንዲት ሴት ገድላልኛለች። ተምረዋል ካልናቸው ጋር እንኳ ስንት መከራ ነው፤ ካልተማሩት ጋር ደግሞ...»

ሽቶን አየሁት። ሥጋውን በቢላ እየቆራረጠ ነበር። አንሶ አንሶ መጉረስ ከማይቻልበት ደረጃ ደርሷል፣ አሁንም ይቆርጣል።

«ለሙሽራዋ ጨምሩላት» አሉ እናቱ። «ዝምተኛ ናት። ዝምተኛ እወዳለሁ።»

አሁንም አየሁት። እሱም ቀና ብሎ አየኝ፤ ያ ዓይን ስንት ቀን አቅልጦኛል። ‹እባክሽ› ይላል። ‹እባክሽ፣ እንደ ሁልጊዜው ሁኚ› ይላል።

«ሴትዮዋ አይደለችም» አልኩ።

ድምፄን ራሴ አላወቅኩትም። ማንም ሳይነጥቀኝ ቀጠልኩ። ልጣጩን፣ መፍጫውን፣ በስሜ የተሰጠውን ትእዛዝ፣ ለነጭ ጫማ ሲባል የተመረዘውን ማብላያ፣ አንድ በአንድ ተናገርኩ። 

አባቱ አፋቸውን ጠረጉ። «እውነት ነው?»

ሽቶ እናቱን አየ። «ለእማዬ ብዬ ነው» አለ። «እንዳትቀየም ብዬ።»

ትናንት ለእኔ ነበር፤ ዛሬ ለእናቱ ሆነ። ሳቄ አመለጠኝ።

«በእኔ እንዳታሳብብ!» አሉ እናቱ። «እኔ ብርቱካን አምጣልኝ አልኩህ?»

አባቱ ጠረጴዛውን ነካ አደረጉ። «በቃ። ሴትዮዋ ትመለስ። ነገሩ ግን ከዚህ ቤት አይውጣ።»

«የተባረረችው ሰው ሁሉ ፊት ነው» አልኩ። «ስትመለስም ሰው ሁሉ ፊት ይሁን። ያጠፋውም ራሱ ይናገር። አለዚያ ማብላያውን የሚያድንልዎ ሌላ ሰው ይፈልጉ።»

«ጭራሽ ትእዛዝ!» አሉ እናቱ። «ገና ቤቴ ሳትገቢ!»

«አልገባም፣ እትዬ» አልኳቸው ተነሥቼ። «ይበቃኛል።»

በር ድረስ ተከተለኝ። «እወድሻለሁ እኮ!» አለኝ። ውሸቱን እንዳልሆነ አውቃለሁ። ይህን ያህል ወዶም ይህን ያህል ትንሽ መሆን ይቻላል። ታክሲ ውስጥ ገብቼ፣ ሹፌሩ በመስተዋት እያየኝ፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ሰኞ ጠዋት ባለቤቱ አስጠርተውን ሁላችንም መለያው አዳራሽ ቆምን። ጋጋሪውም ዱቄቱን ሳያራግፍ መጥቷል። ጄኔራል የሥራ ልብሷን አልለበሰችም፤ የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ እንደ እንግዳ በሩ አጠገብ ቆማለች። ሽቶ መሐል ገባ። ፊቱ ገርጥቷል።

«ስህተት ተፈጥሯል» አለ። «ልጣጩ... ሳይታወቅ ወደ ማብላያው ገብቷል። በመሆኑም አስተዳደሩ...»

«ማን ጨመረው?» አለች ጄኔራል።

«እንደ ድርጅት ሁላችንም ኃላፊነት...»

«ማን ጨመረው ልጄ?»

እኔን ፈለገኝ። በሰው መሐል ዓይኑ እኔ ላይ ሲያርፍ፣ ዐረፍተ ነገሩን እንድጨርስለት እየለመነኝ እንደሆነ ገባኝ። አንድ ቃል ብናገር ነፃ አወጣው ነበር። እንዳልናገር ምላሴን ነከስኩ።

«እኔ» አለ በመጨረሻ። «እኔ ነኝ ያስጨመርኩት። እናቴ ሽታውን እንዳትጠላ ብዬ። እሷ... እርስዎ ምንም አላጠፉም። እያወቅኩ ዝም አልኩ።»

ማንም አላጨበጨበም። ጄኔራል ቀረብ ብላ አየችው፤ ቆሻሻ ውስጥ የወደቀ ማንኪያ አግኝታ ይጠቅም እንደሆነ የምትመረምር ይመስል ነበር።

«ከመቅረት ይሻላል» አለች። ወደ እኔ ዞረች። «ዶክተር፣ በሽተኛው ምን ይደረግለት?»

የጠፋው ስሜ ተመለሰ። «ግማሹን ማውጣት አለብን» አልኩ። «ከዚያ ከከብት እርባታው ትኩስ እበት አምጥተን ቀስ በቀስ እንመግበዋለን። ፓምፑ ይሄን አይችለውም፤ በባልዲ ነው።»

«ሰማህ?» አለችው ጄኔራል። «በባልዲ ነው።»

ቀኑን ሙሉ ተመላለሰ። ባልዲ እንዴት እንደሚያዝ እንኳ አያውቅም፤ ሱሪው ላይ ያፈሰዋል፣ ሴቶቹ ይሳሳቃሉ፣ ጋጋሪው «ቀስ በል ሙሽራው!» ይለዋል። አጠገቤ ባለፈ ቁጥር ያየኛል፤ ስንት እንደተሸከመ እንድቆጥርለት የሚፈልግ ይመስላል። አልቆጠርኩለትም። እንኳን ለሥራው ለንስሐው ተመልካች የሚፈልግ ሰው ነው ብዬ ናቅሁት።

ወደ ማታ ባልዲውን አስቀምጦ መዳፉን ገለጠ። የውሃ ቋጠሮዎቹ ፈንድተው ቀልቷል። ለማንም አላሳየም፤ እያየሁት እንደሆነም አላወቀም። በሸሚዙ ጫፍ ጠቅልሎ ባልዲውን መልሶ አነሣ።

እኔን አመመኝ። የራሴን መዳፍ ጨብጬ፣ እጄ ላይ የቆሰለ ቦታ እንደሌለ እያወቅኩ፣ ፊቴን ወደ ማብላያው አዞርኩ። ናቅሁት፤ ከልቤ ነው የናቅሁት። ይሄ ልብ ግን ከእኔ ጋር እየኖረ በማን እጅ ቁስል እንደሚታመም ገና ዛሬ አየሁ፤ ልቤንም ናቅሁት።